ካዲ 2 በድሬዳዋ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው ይነሳል?

ሪቨርስ ፕሮክሲ፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ከኋላው ላለው አፕሊኬሽን የሚያቀብል ሰርቨር፣ ሲገመገም ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፍጥነት ነው። በሰከንድ ስንት ሺህ ጥያቄ ይሸከማል፣ ስንት ሜጋባይት ራም ይበላል፣ ማን ማንን ቀደመ። ከዚራ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የጅቡቲ ጭነት ሰነድ ለሚያዘጋጅ የትራንዚት ቢሮ ይህ ቁጥር ፋይዳ የለውም፤ ሃያ ሠራተኛና መቶ ደንበኛ የትኛውንም ፕሮክሲ አያደክሙም። እዚህ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ እሁድ ረፋድ ላይ መጣ እንበል። ቢሮው ተቆልፏል፤ ሲስተሙን የሚያውቀው ሰው ሐረር ለቅሶ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ገጹ ይመጣለታል ወይስ «502» የሚል ነጭ ገጽ (ፕሮክሲው ከኋላው ያለውን አፕሊኬሽን ሲያጣ የሚሰጠው መልስ) ይጠብቀዋል? ካዲ 2 የተባለውን ፕሮክሲ በዋናነት የመዘንነው በዚህ ነው።

ለማያውቀው፣ ካዲ በጎ ቋንቋ የተጻፈ ነጻ የዌብ ሰርቨር ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን ከሥሩ ተቀይሮ ሁለተኛው ትውልድ የመጣው በ2020 ነው። ፈቃዱ አፓቼ 2.0 ስለሆነ ለንግድ ቢጠቀሙበትም የሚከፈል ነገር የለም። ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ በ80 እና በ443 ፖርት ይቀበላል፤ የኤችቲቲፒኤስ ምስጠራውን ፈትቶ ከኋላው ኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ተለይቶ የሚሮጥበት ክፍል) ውስጥ ላለው አፕሊኬሽን ያቀብላል። ሌሎቹ ታዋቂ ፕሮክሲዎች፣ ኤንጂንኤክስም ትሬፊክም፣ ይህንኑ ይሠራሉ። የካዲ ልዩነት ለምስጠራው የሚያስፈልገውን፣ የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ሰርተፊኬት ሳይታዘዝ ራሱ አውጥቶ ራሱ ማደሱ ነው።

ግምገማው የቆመው እንዲህ ባለ አደረጃጀት ላይ ነው፦ 8 ጊጋባይት ራም ያላት ሚኒ ፒሲ፣ ኡቡንቱ 24.04፣ በዶከር ኮምፖዝ (ኮንቴይነር አስኪያጁ ዶከር ብዙ ኮንቴይነሮችን ከአንድ ፋይል የሚያስነሳበት መሣሪያ) የሚነሱ ሦስት ኮንቴይነሮች። አንዱ ካዲ፣ ሁለተኛው በጉኒኮርን (የፓይተን አፕሊኬሽን የሚያስኬድ ሰርቨር) የሚሮጥ የጃንጎ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) አፕሊኬሽን በ8000 ፖርት፣ ሦስተኛው ዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ወደ ውጭ ፖርት የሚከፍተው ካዲ ብቻ ነው፤ 80 እና 443ን በቲሲፒ፣ 443ን ደግሞ በዩዲፒም፣ ምክንያቱም ካዲ ኤችቲቲፒ 3ን ሳይጠየቅ ያበራል። የዩዲፒው ከተረሳ ገጹ ይሠራል፤ በአሮጌው መንገድ ነው እንጂ።

የፖስትግሬስን 5432 ፖርት ግን በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ጨርሶ አትክፈቱ። ብዙ ሰው «ፋየርዎል አለኝ» ብሎ ይተማመናል፤ ዶከር ግን የሚከፍተውን ፖርት በቀጥታ አይፒቴብልስ በሚባለው የሊኑክስ ፋየርዎል ሕግ ውስጥ ስለሚጽፍ የኡቡንቱ ፋየርዎል መቆጣጠሪያ ዩኤፍደብሊው «ዝግ ነው» እያለ ፖርቱ ለውጭ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ዳታቤዙን ከአስተናጋጁ ማሽን ማየት የግድ ከሆነ ከፊቱ 127.0.0.1 አድርጋችሁ እሰሩት። አፕሊኬሽኑም 8000ን ወደ ውጭ መክፈት አያስፈልገውም፤ ካዲ የሚደርስበት በኮምፖዝ የውስጥ ኔትወርክ ነው።

የካዲ ማዋቀሪያ ፋይል፣ ካዲፋይሉ፣ አራት መስመር ነው። የዶሜይኑ ስምና የቅንፍ መክፈቻ፣ ገጹን አጭቆ እንዲልክ «ኢንኮድ» የሚለው ትዕዛዝ ከሁለቱ የማጨቂያ ዘዴዎች ከዚስታንዳርድና ከጂዚፕ ጋር፣ «ሪቨርስ ፕሮክሲ» የሚለው ትዕዛዝ ከኮንቴይነሩ ስምና ከ8000 ጋር፣ ከዚያ የቅንፍ መዝጊያ። አለቀ። በኤንጂንኤክስ ይኸው ሥራ ሠላሳ መስመር ገደማ ይፈጃል፤ ከሠላሳው ግማሹ ደግሞ ከሌላ ቦታ የተገለበጠና ማንም ምን እንደሚሠራ የማያውቀው ነው። «ኢንኮድ»ን እንዳትዘሉት፤ ካዲ በራሱ አያጭቅም፣ በሞባይል ዳታ የሚገባው ደንበኛ ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

እዚህች አራት መስመር ላይም መሳሳት አለ። ከ«ሪቨርስ ፕሮክሲ» ቀጥሎ «ሎካልሆስት» የጻፈ ሰው 502 ያገኛል፤ ካዲ ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ ለእርሱ ሎካልሆስት ማለት ራሱ ነው። አፕሊኬሽኑን ወደ ውጭ 8080 አድርጎ የከፈተ ሰውም ካዲ ላይ 8080 ይጽፋል፤ በውስጥ ኔትወርክ የሚሠራው ግን የኮንቴይነሩ የራሱ ፖርት 8000 ነው። ሦስተኛው ጉኒኮርን 127.0.0.1 ላይ ሲታሰር ነው፤ ሎጉ «በሰላም ተነስቻለሁ» ይላል፣ ከጎኑ ያለው ካዲ ግን አይደርስበትም። 0.0.0.0 ላይ ነው መታሰር ያለበት። ኮንቴይነሮቹን ያለ ኮምፖዝ አንድ በአንድ የሚያስነሳ ደግሞ የራሱን ኔትወርክ ይፍጠር፤ የዶከር ነባሪው ብሪጅ ኔትወርክ ኮንቴይነሮችን በስም አያገናኝም።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ማሽኑ ራሱ ካልተነሳ ስለ ካዲ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚቀድመው መሠረታዊ ማዋቀሪያ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ቅንብር አለ፤ ብዙ ማሽን ላይ «ጠፍቶ ይቆይ» ተብሎ ነው የሚመጣው። ወደ «ይነሳ» ቀይሩት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች ይህም ቅንብር ከሰዓቱ ጋር ሊጠፋ ይችላል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ደግሞ ከውጭ የሚያገኛቸውን ሰርተፊኬቶች «ገና ጊዜያቸው አልደረሰም» ብሎ ስለማይቀበል ካዲ ሰርተፊኬት ማደስ ያቅተዋል። የባትሪዋ ዋጋ እዚህ ግባ አይባልም፤ ቀይሯት። ሰርቨሩን ዊንዶውስ ላይ በዶከር ዴስክቶፕ የሚያስኬድም አለ፤ ያ ፕሮግራም ሰው ገብቶ የይለፍ ቃል እስኪጽፍ አይነሳም። ለቢሮ ሰርቨር አይሆንም፣ አበቃ።

ኮንቴይነሮቹ ላይ የሪስታርት ፖሊሲው «አንለስ ስቶፕድ» ይሁን፤ ሰው ሆን ብሎ ካላቆመው በስተቀር ዶከር ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮምፖዝ ፋይል ላይ «አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ በኋላ ይነሳ» ብለን የምንጽፈው ቅደም ተከተል የሚከበረው የኮምፖዝን ትዕዛዝ በእጅ ስንሰጥ ብቻ ነው። ማሽኑ ከመብራት መቋረጥ ሲነሳ ኮንቴይነሮቹን የሚያስነሳው የዶከር አገልግሎት ራሱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ያን ቅደም ተከተል አያውቀውም። ሁሉም በአንድ ላይ ግር ብለው ይነሳሉ። ፖስትግሬስ ድንገት ከመጥፋቱ ለማገገም ሎጉን መልሶ እያነበበ ሳለ፣ አፕሊኬሽኑ ዳታቤዝ አጥቶ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይወድቃል። ዶከር በየውድቀቱ የሚጠብቀውን ጊዜ እያጠፈ እስከ አንድ ደቂቃ ያደርሰዋል፤ በመጨረሻ ይነሳል።

በዚህ ግርግር መሃል ፕሮክሲው ምን ያደርጋል? ኤንጂንኤክስ በተለመደው አጻጻፍ የአፕሊኬሽኑን ስም ወደ አይፒ የሚፈታው ሲነሳ አንዴ ነው። ያኔ አፕሊኬሽኑ ካልተነሳ «ስሙን አላገኘሁትም» ብሎ ራሱ ይወድቃል። ይህ እንኳ ቀላል ነው፤ ሪስታርት ፖሊሲው ያነሳዋል። የከፋው ስሙን አንዴ ከፈታ በኋላ አፕሊኬሽኑ ወድቆ በሌላ አይፒ ሲነሳ ነው፤ ኤንጂንኤክስ አሮጌውን አድራሻ እንደያዘ ይቀራል፣ ሰው መጥቶ ሪሎድ እስኪያደርገው 502 ይሰጣል። ሁለት አፕሊኬሽን ባለበት ማሽን ላይ አይፒዎቹ ተለዋውጠው የደመወዙን ገጽ የጠየቀ ሰው የጭነቱን ገጽ የሚያገኝበት አጋጣሚም አለ። መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም፤ የዶከርን የውስጥ ዲኤንኤስ 127.0.0.11 እንደ ሪዞልቨር ሰጥቶ አድራሻውን በተለዋዋጭ መጻፍ፣ ወይም ከ1.27.3 ወዲህ በነጻው እትም የገባውን «ሪዞልቭ» የሚለውን ምልክት መጠቀም ይቻላል። ግን ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካዲ አፕሊኬሽኑ ባይኖርም ይነሳል፤ ስሙንም አዲስ ግንኙነት በከፈተ ቁጥር ይፈታል። ስለዚህ አይፒው ቢቀየር የሚነካው የለም። በዚህ ላይ «ኤልቢ ትራይ ዱሬሽን» የሚባለውን ቅንብር 30 ሰከንድ ብታደርጉት፣ አፕሊኬሽኑ ገና እየተነሳ ሳለ የመጣን ሰው 502 ከመስጠት ይልቅ በየሩብ ሰከንዱ እየሞከረ ያቆየዋል። ተጠቃሚው ገጹ ዘገየ ይላል እንጂ ተበላሸ አይልም። ነባሪው ዜሮ ስለሆነ በእጅ መጻፍ አለበት። ይህች አንድ መስመር ብቻዋን ካዲን ለእንደኛ ዓይነት ከተማ ታስመርጠዋለች።

ሊታወቅ የሚገባው፣ ጤና መፈተሻ የጻፋችሁለት ኮንቴይነር «ታሟል» ቢባልም ዶከር በራሱ አያስነሳውም፤ ሪስታርት ፖሊሲው የሚሠራው ፕሮሰሱ ሲሞት ብቻ ነው። አፕሊኬሽኑ ሳይሞት ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ችግሩ ከፕሮክሲው አይደለም፤ ጉኒኮርን በነባሪው 30 ሰከንድ የቆየ ወርከርን (ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) ይገድላል፣ ያን ቁጥር ዜሮ አድርጎ መዝጋት ነው ብዙዎችን የሚያሰናክለው። በ137 የመውጫ ኮድ የተዘጋ ኮንቴይነር ካያችሁ ደግሞ በኃይል ተገድሏል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራም አልቆ ነው። ጉኒኮርን የሚመክረው የወርከር ቁጥር የኮር ብዛት በሁለት ተባዝቶ አንድ ሲደመር ነው፤ አራት ኮር ላይ ዘጠኝ ይሆናል፣ ከባድ ሪፖርት የሚያወጣ ጃንጎ ዘጠኝ ጊዜ ተባዝቶ ከፖስትግሬስ ጋር 8 ጊጋባይት ሊጠበው ይችላል። በአራት ጀምሩ።

መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ለራውተሩም ይሁን፤ ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ የጠፋበት ቢሮ ብዙ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በተዘጋ ካቢኔ ውስጥ የተቀመጠ ሚኒ ፒሲ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ የዩፒኤስ ባትሪም ከሙቀት ጋር ዕድሜው ያጥራል። ካቢኔው በር አያስፈልገውም።

ሰርተፊኬቱ። ዶሜይኑ ወደ ቢሮው አይፒ እስካመለከተና 80 ወይም 443 ከውጭ እስከተደረሰባቸው ድረስ ካዲ በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ያወጣል፤ የ90 ቀኑ ሰርተፊኬት ሲሶው ሲቀረው፣ ማለትም ሠላሳ ቀን ገደማ ሲቀር ያድሰዋል። ኢሜይል ከተጻፈለት ሌትስ ኢንክሪፕት እምቢ ሲል ወደ ሌላው ሰርተፊኬት ሰጪ፣ ዜሮኤስኤስኤል፣ ይዞራል። ኢንተርኔት ለሳምንት ቢጠፋ እንኳ ያለው ሰርተፊኬት ይሠራል፤ ሲመለስ ያድሳል። መብራት ሲመጣ ራውተሩ ገና ካልተገናኘም ግድ የለውም፣ ዲስክ ላይ ያለውን ይዞ ይነሳል።

ዲስክ ላይ ካለ ነው እንግዲህ። ካዲ ሰርተፊኬቱን የሚያስቀምጠው በኮንቴይነሩ ውስጥ «ዳታ» በሚባለው ማውጫ ነው፤ ይህ ከቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢሠረዝም ከሚቀር ማከማቻ) ጋር ካልተያያዘ ኮንቴይነሩ ተሠርዞ በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ሰርተፊኬት ይጠይቃል። ሌትስ ኢንክሪፕት ለአንድ ዓይነት የስሞች ስብስብ በ7 ቀን ከ5 በላይ አይሰጥም። ከሰዓት በኋላ ኮምፖዝ ፋይሉን እየነካካ ስድስት ጊዜ ያፈረሰ ሰው ገጹ ያለ ሰርተፊኬት ያድርበታል። የማረጋገጥ ሙከራ ሲከሽፍም ለአንድ ስም በሰዓት 5 ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ስለዚህ የዲኤንኤሱ ለውጥ ሳይሰራጭ ካዲን አታስነሱት። ለመለማመጃ የሌትስ ኢንክሪፕትን የሙከራ አድራሻ ተጠቀሙ፤ ብራውዘር አያምነውም እንጂ ገደቡ ሰፊ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ወዲህ «ሰርተፊኬትህ ሊያልቅ ነው» የሚለውን ኢሜይል አቁሟል። የሰርተፊኬቶች ዕድሜም እያጠረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2029 ጣሪያው 47 ቀን ይሆናል። በእጅ እያደሱ መኖር ለሚወድ ሰው ጊዜው እየጠበበ ነው።

አሁን ካዲ የማይረዳበት ቦታ። ብዙ ቢሮ የሚጠቀመው የሲም ካርድ ራውተር ነው፤ ሲሙ የሚሰጠው አይፒ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ደንበኛ ጋር የሚጋሩት ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከሆነ፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ «የኔ አይፒ ስንት ነው» ብላችሁ ስትፈልጉ ከሚመጣው ከተለየ፣ ከውጭ ማንም ሊደርስባችሁ አይችልም። ፖርት መክፈት ምንም አይለውጥም፤ ካዲም ሰርተፊኬቱን በተለመደው መንገድ አያገኝም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ስለሆነ ከተማችን ሁለት ኦፕሬተር ካየች ቆይታለች፤ አንዱን በመደበኛ፣ ሌላውን በመጠባበቂያነት ማስገባት ይቻላል። ወደ ውጭ ለመውጣት ይህ ግሩም ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት ግን ዲኤንኤሱ የሚያመለክተው የመጀመሪያውን መስመር አይፒ ብቻ ስለሆነ መጠባበቂያው አያድንም።

መውጫው ሦስት ነው። ቋሚ የውጭ አይፒ ያለው የቢሮ መስመር መጠየቅ ቀዳሚው ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር አነስተኛ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ተከራይቶ ካዲን እዚያ መትከልና ከቢሮው ሰርቨር ጋር ዋየርጋርድ በሚባል የተመሰጠረ መስመር ማገናኘት ነው፤ ግንኙነቱን የሚጀምረው ቢሮው መሆን አለበት፣ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውም 25 ሰከንድ ይደረግ፤ ያለዚያ የኦፕሬተሩ ራውተር ዝም ያለውን ግንኙነት ይረሳዋል። ሦስተኛው የክላውድፍሌር ታነል (ከቢሮው ወደ ክላውድፍሌር ኩባንያ የሚዘረጋ መስመር) ነው፤ በቀላሉ ይተከላል፣ ለደንበኛው የሚቀርበውን ሰርተፊኬት ግን ክላውድፍሌር ስለሚይዘው ካዲ ግማሽ ሥራውን ያጣል። በዚህ ጊዜ ካዲፋይሉ ላይ ከዶሜይኑ ስም ፊት «ኤችቲቲፒ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ፣ ካዲ የመጣውን ሁሉ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሲመልስ፣ ታነሉ ደግሞ በኤችቲቲፒ ሲልክ ገጹ እየተሽከረከረ ይቀራል። ታነሉንም እንደ ታማኝ ፕሮክሲ ካልመዘገባችሁት ካዲ ከእርሱ የመጣውን የ«ኤክስ ፎርዋርድድ» መረጃ (ደንበኛው ከየትና በምን እንደመጣ የሚናገረውን) ጥሎ በራሱ ይተካዋል፤ አፕሊኬሽኑ ደንበኛው ያለ ምስጠራ የመጣ ይመስለዋል።

የቢሮው ሠራተኛ በቢሮው ውስጥ ሆኖ ሲስተሙን ኢንተርኔት ጠፍቶም መጠቀም አለበት፤ ሰርቨሩን ቢሮው ውስጥ ማስቀመጥ ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ዶሜይኑ ወደ ውጭው አይፒ ማመልከቱ ነው፤ ብዙ ርካሽ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለስ ጥያቄ አያስተናግድም። ራውተሩ ላይ ወይም በትንሽ የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨር ያው ዶሜይን ወደ ሰርቨሩ የውስጥ አይፒ እንዲያመለክት አድርጉ። ሰርተፊኬቱ በስም እንጂ በአይፒ ስላልወጣ ያለ ችግር ይሠራል። ዶሜይን የሌለው ቢሮ የካዲን የራሱን የውስጥ ሰርተፊኬት ሰጪ መጠቀም ይችላል፤ ግን የሥር ሰርተፊኬቱን በእያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ መጫን ግድ ነው፣ ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ ከብራውዘር ውጪ ያሉ አፖች ተጠቃሚ የጫነውን ሰርተፊኬት በነባሪ አያምኑም። ሦስት ኮምፒውተር ላለው ይቻላል። ለሠላሳ ስልክ አይመከርም።

ከፕሮክሲ ጀርባ የገባ ጃንጎ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ዶሜይኑ ከሌለ 400 ይሰጣል። ከ4.0 ወዲህ የታመኑ ምንጮች ዝርዝር ላይ ዶሜይኑ ከነ«ኤችቲቲፒኤስ»ው ካልተጻፈ፣ ፕሮክሲው ምስጠራውን ስለፈታው ፎርም ሲላክ 403 ይመጣል፤ ገጹ ይከፈታል፣ መግባት ግን አይቻልም። ወደ ኤችቲቲፒኤስ አስገድድ የሚለው ቅንብር ከበራና ጃንጎ የፕሮክሲውን ምልክት እንዲያምን ካልተነገረው ደግሞ ብራውዘሩ «ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ» ብሎ ያቆማል። ካዲ የደንበኛውን አይፒ፣ የመጣበትን ስምና ምስጠራ መኖሩን ለአፕሊኬሽኑ ሳይታዘዝ ይልካል፤ ዌብሶኬትም (ተከፍቶ የሚቆይ የቀጥታ ግንኙነት) ያለ ተጨማሪ መስመር ያልፋል። በኤንጂንኤክስ እነዚህን አንድ በአንድ መጻፍ ነው። ገጹ ቀለም አልባ ሆኖ፣ ጽሑፉ ብቻ ተዘርግቶ ከመጣ ጉኒኮርን የሲኤስኤስ ፋይሎችን አለማቅረቡ ነው፤ እነዚህን ፋይሎች የሚያቀርበውን ዋይትኖይዝ ጫኑ ወይም ማውጫውን ለካዲ በቮልዩም አጋሩት።

ለትራንዚት ቢሮ ከሁሉም የሚሰማው የፋይል መጠን ነው። ስካን የተደረገ የጭነት ሰነድ 4 እና 5 ሜጋባይት ይሆናል፤ ኤንጂንኤክስ በነባሪው ከ1 ሜጋባይት በላይ ሲላክለት 413 ብሎ ይመልሳል፣ ሠራተኛው ደግሞ «ሲስተሙ ፒዲኤፍ አይቀበልም» ብሎ ይደመድማል። ካዲ ገደብ አያደርግም። ይህ ደግሞ ለሌላው ጽንፍ ያጋልጣል፤ ከፍተኛውን መጠን 25 ሜጋባይት ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉለት።

ከፕሮክሲው ጋር የማይያያዙ ነገር ግን ኮንቴይነር ውስጥ በገባ የአማርኛ አፕሊኬሽን ሁሉ ላይ የሚከሰቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ኮንቴይነር ሰዓቱ በነባሪ የግሪንዊች ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው ክሮን «2፡00» ተብሎ የተጻፈ ባክአፕ ሌሊት 8 ሰዓት ሳይሆን 11 ሰዓት ላይ ይሮጣል፤ የ«ዛሬ» ሪፖርትም ቀኑን የሚቀይረው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። የአዲስ አበባን የሰዓት ቀጠና በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ስጡት፤ በአልፓይን (ቀጭን የሊኑክስ እትም) ላይ የተሠራ ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚፈጠርበት ፋይል) ከሆነ የሰዓት ቀጠና ፓኬጁን ጨምሩ። ሁለተኛው፣ አፕሊኬሽኑ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ላይ ፊደሎቻችን ባዶ ሳጥን ሆነው መምጣታቸው ነው። ቀጭን ኢሜጆች ውስጥ የግዕዝ ፎንት የለም። በዴቢያን ላይ ለተሠራ ኢሜጅ የኤስአይኤል አቢሲኒካ ፎንት ፓኬጅ ይበቃል።

የካዲ ድክመት አልጠፋም። በዲኤንኤስ በኩል ሰርተፊኬት ለማውጣት፣ ማለትም የውጭ አይፒ ለሌለው ሰርቨር እውነተኛ ሰርተፊኬት ለማግኘት፣ የዲኤንኤስ አቅራቢው ፕለጊን ያስፈልጋል፤ ይህ በመደበኛው ኢሜጅ ውስጥ ስለሌለ የራስን ኢሜጅ መገንባት ነው። የጥያቄ ብዛት መገደቢያም እንዲሁ ፕለጊን ነው፤ ኤንጂንኤክስ ውስጥ ግን ተሠርቶ የመጣ ነው። ማን ምን ገጽ እንደጠየቀ የሚመዘግበው ሎግ በነባሪ ዝግ ነው፤ ሲከፈትም በጄሰን፣ ሰዓቱም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ይጻፋል። ለማሽን ይመቻል፣ ሌሊት ላይ በዓይኑ ለሚያነብ ሰው ቅጣት ነው። ካዲፋይል ውስጥ ትዕዛዞቹ በጻፋችሁት ቅደም ተከተል አይሠሩም፤ ካዲ በራሱ ሥርዓት ይደረድራቸዋል፣ ይህን ሳያውቁ ገጾችን ለሁለት አፕሊኬሽን ማከፋፈል ግራ ያጋባል። «ሃንድል» በሚለው ክፍል መክፈል ይሻላል።

ካዲፋይሉን ብቻውን ወደ ኮንቴይነሩ ማያያዝም ያሳስታል። ቪም የመሰሉ አርታዒዎች ሲያስቀምጡ አሮጌውን ፋይል ትተው አዲስ ይፈጥራሉ፤ ኮንቴይነሩ የያዘው አሮጌውን ስለሆነ ሪሎድ ብታደርጉም ምንም አይለወጥም። ማውጫውን በሙሉ አያይዙ። ሪሎድ ሲደረግ የተከፈቱ ዌብሶኬቶች ይዘጋሉ፤ ቀጥታ ማሳያ ያለው ሲስተም ካላችሁ በሥራ ሰዓት አትነካኩት። ሲነሳ «የዩዲፒ መቀበያ ቋቱ አነሰ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ለዚህ መጠን ሥራ ተዉት፣ ጉዳት የለውም።

የዶከር ሎግ በነባሪው መጠኑ አይገደብም። ጥቂት ወር የቆየ ሰርቨር ዲስኩ ሞልቶ ፖስትግሬስ መጻፍ አቅቶት ሲቆም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። በዶከር ማዋቀሪያ ፋይል ላይ መጠኑን 10 ሜጋባይት፣ ብዛቱን 3 አድርጉ፤ ቅንብሩ የሚይዘው አዲስ በሚፈጠር ኮንቴይነር ላይ ስለሆነ ነባሮቹን አፍርሶ መፍጠር ያስፈልጋል። ስታፈርሱ ግን «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ከሚለው ኋላ «ቪ» የምትለዋን እንዳትጨምሩ፤ ቮልዩሞቹን፣ ዳታቤዙን ጨምሮ፣ ጠርጋ ነው የምትሄደው።

ትሬፊክስ? አፕሊኬሽኖቹ በየጊዜው የሚጨመሩና የሚነሱ ከሆነ ከኮንቴይነሩ ላይ በሌብል አንብቦ ራሱን ስለሚያዋቅር ይመቻል። ለዚህ ግን የዶከርን ሶኬት (ዶከር የሚታዘዝበትን በር) መስጠት ይጠይቃል፤ ሶኬቱን የያዘ ኮንቴይነር ደግሞ ከተጠለፈ ማሽኑ ሁሉ ተጠለፈ። ሁለትና ሦስት አፕሊኬሽን ላለው ቢሮ ይህን አደጋ የሚያስገዛ ምክንያት አናይም። ኤንጂንኤክስን አሥር ዓመት የተጠቀመና ከላይ ያለውን የሪዞልቨር ነገር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ካለ መቀየር አያስፈልገውም። ካዲ የሚጠቅመው ለቀረው፣ ማለትም አንድ ሰው ፕሮግራመርም የኔትወርክ ባለሙያም ፕሪንተር ጠጋኝም ለሆነበት ቢሮ ነው።

አፕዴትን በተመለከተ፣ ኢሜጁ ላይ «ሌተስት» አትጻፉ፤ የካዲን ቁጥር ሙሉውን፣ የፖስትግሬስን ቢያንስ ዋናውን ቁጥር ጻፉ። ፖስትግሬስ ከ17 ወደ 18 ሲዘል አሮጌውን ዳታ አያነብም፣ በ18 ኢሜጅ ላይ ደግሞ ቮልዩሙ የሚያያዝበት ማውጫም ተቀይሯል፤ ዳምፕ (የዳታውን ሙሉ ቅጂ) አውጥቶ በአዲሱ ላይ መመለስ ነው። የኢሜጆቹ ማከማቻ ዶከር ሃብ ሳይመዘገቡ የሚያወርዱትን በአይፒ ቆጥሮ ይገድባል፤ የተጋራ አይፒ ላይ ያለ ቢሮ የሌላው ሰው ማውረድ ይቆጠርበታል፣ ስለዚህ ነጻ አካውንት ከፍታችሁ ግቡ። መስመሩ ከደከመ ኢሜጁን ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት አውርዶ በ«ዶከር ሴቭ» ወደ አንድ ፋይል ቀይሮ በፍላሽ ማምጣት፣ ቢሮው ላይ በ«ዶከር ሎድ» መጫን ይቻላል። አሮጌውን ኢሜጅ አዲሱ አንድ ሳምንት ሳይሠራ አትሰርዙት፤ መመለስ ካስፈለገ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ ኮምፖዝን እንደገና ማስነሳት በቂ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሆናል።